ግድግዳን መቀባት መሸፈን ነውን ወይስ ማክበር?

ሰው ቤት ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ግድግዳውን እንዲሁ አይተወውም። ባለጠጋ ቢሆን በዘይት ቀለም ያስቀባዋል፤ መካከለኛ ቢሆን በኖራ ያነጣዋል፤ ድኻም ቢሆን ነጭ አፈር በጥብጦ በጨርቅ ይለቀልቀዋል፤ ይህም ቢታጣ አመድና እበት አዋሕዶ ያለሰልሰዋል። ይልቁንም የዘመን መለወጫ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ፥ ወይም ሰርግ ሲደገስ፥ ወይም አራስ ልጇን ክርስትና ስታስነሣ፥ ግድግዳን ማደስ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ነገር ግን ግድግዳው ባይቀባ በዓሉ አይቀርም፤ ቤቱም በዚያው ቀን አይፈርስም። እንግዲህ እንጀራ የቸገረው ሰው እንኳ ግድ ላልሆነበት ነገር ስለ ምን ይደክማል? ተብሎ ቢጠየቅ የሚገባ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንዳንዶች ቀለም ክብር ነው ይላሉ፤ ሰው ገላውን በልብስ እንደሚያከብር ቤቱንም በቀለም ያከብራል፥ ወደ ቤቱ የሚገባውንም እንግዳ ያከብርበታል ይላሉ። ሌሎች ግን ቀለም ሽፋን ነው፥ ሽፋንም ሁሉ ከማታለል ወገን ነው ይላሉ። ጭቃው ከቀለሙ በታች ጭቃ እንደ ሆነ ይኖራል፤ ስንጥቁም ስንጥቅ እንደ ሆነ ይኖራል፤ ቀለሙ የለወጠው የተመልካቹን ዓይን ብቻ ነው ብለው ይከራከራሉ። የአገር ሰውም ላዩ አምሮ ውስጡ ያልታወቀውን ነገር ሁሉ «ውስጡን ለቄስ» እያለ መተረቱ ለነዚህ ሰዎች ምስክር ይመስላል። ከሁለቱ ማን እውነተኛ እንደ ሆነ ለመለየት፥ አስቀድሞ ግድግዳ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚለብስ መመልከት ይሻላል።

የጭቃ ቤት ሲሠራ ባሕር ዛፉ ይቆማል፤ በማገርም ይታሰራል። አፈሩ ከጭድ ጋራ በውሃ ተቦክቶ፥ በእግር እየተረገጠ፥ እስኪበስል ድረስ ቀናት ይቆያል። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው ምርጊት ይመረጋል፤ ይህም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሰንጠቁ ግን ነውር አይደለም፤ ሁለተኛው ምርጊት የሚይዘው በዚያው ስንጥቅ ነውና። በመጨረሻም የላመው ልስን ይመጣል፤ እርሱም ሲደርቅ ኖራው ወይም ነጩ አፈር ይቀባል። ሥራው እንደዚህ በተራው ከተሠራ የኋለኛው የፊተኛውን ይደግፈዋል እንጂ አይደብቀውም። ወደዚያ ቤት የሚገባ እንግዳም ከነጩ በታች ጭቃና ጭድ እንዳለ ያውቃል። ማንም አልተታለለም። ስለዚህ ሽፋን ሁሉ ማታለል ነው የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ይወድቃል፤ ማታለል ማለት ሌላው ሰው ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ እንዲያምንና በዚያም እንዲጎዳ ማድረግ ነውና።

ኖራ ራሱ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ነው። የኖራ ድንጋይ በ900 የሙቀት ደረጃ ያህል ሲቃጠል በውስጡ ያለው ጋዝ ይወጣና ድንጋዩ ይቀላል። ይህ የተቃጠለ ድንጋይ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ከዚያም እንደ ቅቤ የላመ ኖራ ይሆናል። ኖራው በግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ያን በእሳት ያጣውን ጋዝ ከአየር መልሶ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው የድንጋይ ባሕርዩ ይመለሳል። ደግሞም ግድግዳውን አያፍነውም፤ በውስጡ ያለው እርጥበት ወጥቶ እንዲደርቅ መንገድ ይተውለታል። ግድግዳው ቢታመም ሕመሙ በኖራው ላይ ቶሎ ይታያል። የዘይት ቀለም ግን እርጥበቱን በውስጡ አፍኖ ይይዛል፤ ለጊዜው ያብረቀርቃል፥ በኋላ ግን ያብጥና ይላጣል። ይህ ማለት የዘይት ቀለም ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ለደረቀ እንጨትና ለበር መቃን መልካም ጋሻ ነው። ያለ ቦታው ሲገባ ግን ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ ማሰር ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት መበለት ከቤቷ ጋራ የተያያዘች አንዲት ክፍል ነበረቻት፤ ሁለት ልጆቿንም የምታሳድገው በዚያች ክፍል ኪራይ ነበረ። የክፍሏ ኋላ ወደ ተዳፋት የዞረ ነውና በክረምት የጎርፉ ውሃ ከግድግዳው ሥር ይቋጠራል፤ ግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ያልባል፥ ሻጋታም ያበቅላል። ጥቅምት በገባ ጊዜ የፊተኛው ተከራይ ለቆ ሄደ፤ አዲስ ተከራይም ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ በእሑድ ሊያያት ተቀጠረ። እርሷም አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ አስጠራች። ሽማግሌው ግድግዳውን በጣቱ ኰረኰመው፤ ድምፁ ባዶ ሆነበት። ከልስኑም ጥቂት ፍቆ ውስጡን ባየ ጊዜ ጠቁሮ አገኘው።

«እሜቴ፥ ይህን ግድግዳ ቀለም አልጠማውም፤ ውሃ ነው የጠገበው» አላት።

«አባቴ፥ እባክዎን እንደ ምንም ብለው ይሸፍኑልኝ። ተከራዩ እሑድ ይመጣል፤ ያለ ኪራይ ልጆቼ ጦማቸውን ማደራቸው ነው» አለችው።

«መሸፈኑንስ እሸፍነዋለሁ፤ የቀን ዋጋዬንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ቀለሙ እስከ ግንቦት ዝም ይልልዎታል እንጂ በሐምሌ ይናገራል። ያን ጊዜ የሚያስለው የተከራዩ ልጅ ነው» አላት።

በዚህ ስፍራ ሦስት ሰዎች በአንድ ግድግዳ ፊት ቆመዋል። መበለቲቱ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ችግሯም የውሸት አይደለም። ሽማግሌውም የሚኖረው በቀን ሥራው ነው፤ እርሱ እንቢ ቢል በማግስቱ ሌላ ቀቢ በትንሽ ዋጋ መጥቶ እንደሚሸፍነው ያውቃል። ሦስተኛው ግን በዚያ አልነበረም፤ እርሱም ገና እሑድ የሚመጣው ሰው ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚፈርደው በዚህ በሌለው ሰው ላይ ነው። ለቆሙት ሰዎች ማዘን ቀላል ነው፤ እንባቸው ይታያልና። ላልመጣው ሰው ማዘን ግን ጭንቅ ነው፤ ፊቱ አይታይምና። ችግር የሰውን በደል ሊያቀልለት ይችላል፤ የጉዳቱን መንገድ ግን አይለውጠውም። ግድግዳው ተሸፍኖ ቢከራይ የመበለቲቱ መከራ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከእርሷ ልጆች ተነሥቶ ወደ ማያውቀው ሰው ልጅ ተሻገረ ማለት ነው እንጂ።

እርሷም ሌሊቱን ስታስብበት አድራ፥ እሑድ ሰውዬው በመጣ ጊዜ ነገሩን ገልጣ ነገረችው። እርሱም አመስግኗት ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። ክፍሏ ሦስት ሳምንት ባዶዋን ተቀመጠች። መበለቲቱ ዕቁብተኞቿን ለምና ዕጣው ቀድሞ እንዲሰጣት አደረገች፤ ሽማግሌውም ግማሽ ዋጋውን በዱቤ ትቶ ከግድግዳው ኋላ የውሃ መሄጃ ቦይ ቈፈረ። የሻገተውን ልስን ፍቆ ጣለ፤ በርና መስኮቱንም ከፍቶ በኅዳር ፀሐይና ነፋስ እስኪደርቅ ድረስ ተወው። ከዚያ በኋላ መረገው፥ ኖራም ቀባው። ሌላ ተከራይ ተገኘ፤ ኪራዩ ግን ከቀድሞው አልበለጠም። እውነት ሁልጊዜ ከወለዷ ጋራ ትከፍላለች ማለት ሐሰት ነው፤ ለመበለቲቱ ዕዳ አተረፈችላት እንጂ ወርቅ አላተረፈችላትም። ቢሆንም በሐምሌ ዝናብ ሲዘንብ ከጎረቤት ክፍል የሕፃን ሳል ብትሰማ ልቧ አይደነግጥም።

ጥንታዊው ሕግ ይህን ነገር ሳያየው አላለፈም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ በግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ ሥርዐት ተጽፏል። ሥርዐቱን በደንብ ለተመለከተው ሰው ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቱ አንደበት ነው፤ ቤቱ እንደ ታመመ የሚመስለው ባለቤት ራሱ ወደ ካህኑ ሄዶ እንዲናገር ታዟልና። ካህኑም ቤቱን ዘግቶ ሰባት ቀን ይጠብቃል፤ ደዌው ከሰፋ የታመመው ድንጋይ ይነቀላል፥ ልስኑም ተፍቆ ከከተማ ውጪ ይጣላል። ሌላ ድንጋይ ከገባ በኋላ ነው አዲሱ ልስን የሚለሰነው። ደዌው ደግሞ ቢመለስ ቤቱ ይፈርሳል። እንግዲህ ተራው ይህ ነው፤ መጀመሪያ መናገር፥ ቀጥሎ መጠበቅ፥ ቀጥሎ መፋቅ፥ በመጨረሻም መለሰን። ቀለም ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህን ተራ ገልብጦ ከመጨረሻው እንዲጀምር ይፈተናል። «ውስጡን ለቄስ» የሚለውም ተረት ባለቤቱ ውስጡን ለማንም ሳይነግር ሲቀር ለነቀፋ የሚነገር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለውም ለሰው ብቻ ሳይሆን ለቤትም ይሠራል።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ግን አለ። ግድግዳው ጤነኛ ሆኖ፥ ሥራውም በቅንነት ተሠርቶ፥ ክፋቱ በቀለሙ ውስጥ ቢገኝ በደሉ የማን ነው? ይህ ነገር በእውነት የደረሰ ነው። ከጥንት ጀምሮ ነጭ ቀለም ከእርሳስ ይሠራ ነበር፤ የእርሳስ ዝርግ በኮምጣጤ ተን ውስጥ ሲቀመጥ በላዩ ነጭ ዱቄት ያወጣል፥ ያም በዘይት ተለውሶ ለግድግዳ፥ ለበርና ለመስኮት ይቀባ ነበር። ይህ ቀለም በደንብ ይሸፍናል፥ ብዙ ዘመንም ይኖራል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ቀቢዎች ይልቁን እርሱን ይመርጡ ነበር። ቀቢዎቹ ግን ሆዳቸውን ይቈርጣቸው፥ እጃቸውም ይዝልባቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. በአውስትራልያ በኩዊንስላንድ አገር ጆን ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ የዓይን ሐኪም የታመሙ ሕፃናትን መርምሮ፥ የመርዙ ምንጭ የቤታቸው ግድግዳና የበረንዳቸው እንጨት ቀለም መሆኑን አስታወቀ። ቀለሙ ሲያረጅ ዱቄት ይሆናል፤ ሕፃኑ በእጁ ይነካዋል፥ ጣቱንም ይጠባል፤ በዚህም መንገድ እርሳሱ ወደ ሰውነቱ ይገባል። በሕፃን አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም በመድኃኒት የሚመለስ አይደለም።

ከ1904 ዓ.ም. በፊት ይህን ቀለም የቀባ ቀቢ ለልጁ ክፍል ያማረውን መርጦ ያስቀባ አባት በደለኛ ነው ሊባል አይቻልም። የሚቻለውን ሁሉ አድርጓል፤ ያላወቀውን ሊጠነቀቅ አይችልምና። ነገር ግን ዕውቀት ከመጣ በኋላ ፍርዱ ይለወጣል። በዚያው አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ጉባኤ በጄኔቭ ተሰብስቦ የእርሳስ ነጭ ቀለም በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ እንዳይቀባ የሚከለክል የስምምነት ውል አወጣ፤ ብዙ መንግሥታትም ተቀበሉት። የአሜሪካ መንግሥት ግን በመኖሪያ ቤት ቀለም ውስጥ እርሳስን የከለከለው በ1978 ዓ.ም. ነው። ሐኪሙ ከተናገረበት ጊዜ አንሥቶ እስከዚያ ድረስ 74 ዓመት አልፏል፤ በዚህም መካከል የተቀቡት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። በኢትዮጵያም በ2018 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ1,000,000 እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ባለማወቅ ስለ ተሠራ ስሕተት አይደለም፤ በማወቅና በመተው መካከል ስላለው ረጅም ዘመን ነው። የሚያውቅ ሰው ዝም ባለበት ቀን ሁሉ ያ የቀድሞ ስሕተት ወደ በደል ይለወጣል። አሮጌ ቀለም ያለበትን ቤት የሚያድስ ሰውም ዛሬ ይህንኑ ፈተና ይቀበላል። አሮጌውን ቀለም በደረቁ ቢፍቀው ሥራው ይፈጥንለታል፤ አቧራው ግን በክፍሉ ሁሉ ይበተናል። በውሃ እያራሰ ቢፍቀው፥ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡር ሴትን ከቤት ቢያርቅ፥ ፍቅፋቂውንም ሰብስቦ በጥንቃቄ ቢያስወግደው ሥራው ይዘገይበታል። የመዘግየቱን ዋጋ ደግሞ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ቀቢውን «ቶሎ ጨርስ» እያለ የሚያጣድፍ፥ ዋጋውንም እየቀነሰ ጥንቃቄውን ከሥራው ላይ የሚቈርጥ ባለቤት፥ ጥፋት ሲገኝ ጥፋቱን በቀቢው ላይ ብቻ ሊጥል አይገባውም። ብሩሹ በአንድ ሰው እጅ ቢሆንም ሥራው የሁለት ሰው ነው።

ይህም በበሩ መቃንና በጉበኑ ላይ ከሁሉ ይልቅ ይገለጣል። ሰፊውን ግድግዳ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ የበሩን የታችኛ ጠርዝ ግን ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም፤ የላይኛውንም ጠርዝ ማንም መሰላል ወጥቶ አይመረምረውም። ነገር ግን ውሃ ወደ እንጨቱ የሚገባው በነዚህ ባልተቀቡ ጠርዞች ነው። እንጨቱም ጠጥቶ ያብጣል፤ በሩም አልዘጋ ይላል፤ ከፊት ያለውም ያማረ ቀለም ከዚያ በኋላ ይሰነጠቃል። የተደበቀው ስፍራ የታየውን ስፍራ ዕድሜ ይወስናል ማለት ነው። ቀቢው በዚያ ስፍራ ሲሠራ የሚያየው ሰው የለም፤ ዋጋም አይጨመርለትም፤ ቢተወውም ሥራውን አስረክቦ እስኪሄድ ድረስ አይታወቅበትም። እንግዲህ የሙያው ልክ የሚታወቀው በሰፊው ግድግዳ ሳይሆን በዚህች በአንዲት ጣት ስፋት ባላት ጠርዝ ነው።

ደግሞም የሚሸፈን ነገር ሁሉ ነውር እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። እናት ዕድሜዋን ሙሉ በመደብ ላይ ተቀምጣ ቅቤ የተቀባ ራሷን ባስደገፈችበት ግድግዳ ላይ ክብ የወዛ ምልክት ይቀራል። እርሷ ካረፈች በኋላ ልጆቿ ቤቱን ሲያድሱ ቀቢው ወደዚያ ምልክት ሲደርስ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ «ቆይ» ይሉታል። መሸፈኑ መርሳት ይመስላቸዋል፤ መተዉም ኀዘንን በቤት ማኖር ይሆንባቸዋል። በዚህ ላይ ሕግ የለም፤ የሸፈነም አላታለለም፥ የተወም አልበደለም። ቀለም ሊያስረሳ እንደሚችል ሊያስታውስም ይችላልና። በሐረር ከተማ በአሮጌው ቤት ውስጥ ግድግዳው በኖራ ይነጣል፤ ነደባ የተባለው መቀመጫ መደብ ግን በቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም ለማስታወስ ነው እያሉ የከተማይቱ ሰዎች ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። በዚያ ቤት ቀዩ ሲያረጅ መልሶ የሚቀባው ነገሩ እንዳይደበቅ ነው። ስለዚህ ቀለም በራሱ ሐሰትም እውነትም አይደለም፤ የሚያስዋሸው ወይም የሚያስመሰክረው የቀባው ሰው ልብ ነው።

ከተባለው ሁሉ በኋላ በመጀመሪያ ለተነሣው ክርክር መልስ ይገኛል። ቀለም ክብር ነው ያለው ሰው እውነቱን ነው፥ የተቀባው ግድግዳ አስቀድሞ የዳነ ከሆነ። ቀለም ማታለል ነው ያለውም እውነቱን ነው፥ የተቀባው ግድግዳ ታሞ ሳለ ሕመሙ ለሚመጣው ሰው ካልተነገረ። ሁለቱን የሚለያቸው የቀለሙ ዓይነት ወይም ዋጋ አይደለም። ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት፥ ከዚህ በታች ያለው ድኗልን? ካልዳነስ ለሚገባበት ሰው ተነግሮታልን? በዚህስ ቤት ከዛሬ 20 ዓመት በኋላ የሚዳኸው ሕፃን ይጎዳልን? ብሎ መጠየቅና አለመጠየቅ ነው።

ቤት ከሠሪው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይኖራል። ዛሬ የሚቀባው ሰው ያልፋል፥ ቤቱም ለልጅ ወይም ለባዕድ ይቀራል። የሚወርሰውም ሰው ከቀለሙ በታች የተሠራውን አያውቅም፤ በማያውቀው ሰው እጅ ታምኖ ጀርባውን በግድግዳው ላይ ያስደግፋል፥ ልጁንም በአጠገቡ ያስተኛል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደ ተባለ የቀለሙም ምስክርነት የሚታወቀው በተቀባበት ቀን ሳይሆን ብዙ ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግድግዳው ሳያፍር ቢቆም ቀቢው ስሙ ባይታወቅም በጎ ሥራ ትቶ አልፏል።